ማሩ ኬላው ላይ ቀረ

ውድ አባቴ፣

ዘጠኝ ዓመት ያልጻፍኩልህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ከፍተሻ ኬላው አለፍ ብዬ፣ መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ነው። ከምኖርበት ከአደላይድ ከተማ እኛ ቤት በሦስት ቀን ይነዳል። እኔ ስድስተኛ ቀኔን ይዣለሁ። ምክንያቱን ልንገርህ፤ ፈርቼህ ነው።

"በጎቹን ትተሽ ከሄድሽ ይህን ቤት እርሺው" ብለኸኝ ነበር። እኔም የእልኸኛ ልጅ እልኸኛ ነኝና ረሳሁት አልኩ። ባለፈው ወር ጎረቤትህ ሜርል ደወለችልኝ። "አባትሽ ዓይኑ እየጠፋ ነው። ትናንት ውሻውን በግ መስሎት ሊሸልተው ነበር! እኔ እንደነገርኩሽ እንዳይሰማ፣ ይገድለኛል" አለችኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ ደግሞ አለቀስኩ። አደራዋን በላሁ፣ አትቆጣት።

ብቻዬን ነው የመጣሁት። ከፊቴ የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ለሰላምታ አንድ ጣቱን ከመሪው ብድግ ያደርግልኛል፤ ከተማ ለምጄ መጀመሪያ ላይ መመለሱን ዘንግቼው ነበር። አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር ነዳጅ ማደያ ላይ አግኝቶኝ "እመቤት፣ ጣትሽን አሞሻል እንዴ?" ብሎ አሳፈረኝ።

ገደሉን ግን ልንገርህ። ስንት ጊዜ አልፈነዋል! "በጎቹ ይጠብቁናል" እያልክ አንድም ቀን አቁመህልን አታውቅም። እኔ አቆምኩ። ያ ዛፍ የሌለው ሜዳ ሄዶ ሄዶ፣ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ድንገት ያልቃል። ከዚያ በታች ውቅያኖስ ነው። ገደሉ ከላይ ቡናማ፣ ከሥር ነጭ ሆኖ ዓይን እስከሚደክም ድረስ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ከሥሬ አንዲት ዓሣ ነባሪ ከግልገሏ ጋር ተንሳፍፋለች። ትንፋሿን ሰማሁት፣ አባዬ! ግልገሉ ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይወጣል። እሷ ምንም አትለውም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያውም በደጃችን እንዳለ አላውቅም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የማልረግጠው ሴት "ተመስገን" አልኩ። ያን ቀን እዚያው ዋልኩ።

ከዚያ ኬላው ደረሰ። ፍራፍሬ እንደሚወርሱ አውቃለሁና ብርቱካኔን ቀድሜ በልቼ ጨርሼ ነበር፤ ልጆች ሳለን ከአያቴ ቤት ስንመለስ "ዋጡ! ለመንግሥት የምገብረው ብርቱካን የለኝም" እያልክ ሆዳችን እስኪነፋ ታስበላን እንደነበረው። ማሩን ግን ረሳሁት። የንብ በሽታ እንዳይገባ ማር ወደ ምዕራብ እንደማይሻገር ከሕፃንነቴ የማውቅ ሰው! እንደ ዕቃ አልቆጠርኩትማ፤ ከገዛ ቀፎዬ የቆረጥኩት ነው። "በግ ማርባት ያቃታት ምን ልታረባ ነው?" ላልከኝ መልሴ ነበር።

ፈታሹ ጠርሙሱን አንስቶ "ይሄ አያልፍም፣ የኔ እህት" አለ።

"የራሴ ንቦች የሠሩት ነው።"

"ንቦችሽ ፈቃድ ሰጥተውሻል?"

"ለአባቴ ነው። ዘጠኝ ዓመት አልተያየንም።"

ቀልዱን ተወ። ከቢሮው ማንኪያ አምጥቶ ሰጠኝ። "ሆድሽ የገባውን አልፈትሽም" አለኝ።

እዚያው ቆሜ ሦስት ማንኪያ በላሁ። አራተኛውን ሞልቼ መልሼ ጠርሙሱ ውስጥ ገለበጥኩት። የተረፈውን ከነጠርሙሱ ወሰደው።

እንግዲህ የምመጣው ባዶ እጄን ነው። ያለኝ ይህ ደብዳቤ ብቻ ነው። ለፖስታ ቤት አልሰጠውም፤ ማን ያነብልሃል? ሜርል ካነበበችልህ ደግሞ አገር ይሰማዋል። ከነገ ወዲያ ራሴ አነብልሃለሁ። ከከፈትክልኝ ገብቼ፣ ካልከፈትክልኝ ደጅ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ገደሉ ጋ ስደርስ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ አንተም እንድታየው።

ልጅህ ግሌኒስ