በገበያ ላይ የአደን ሕግ ያነቡ የነበሩት የአቶ አራጌ ክንፈ የሕይወት ታሪክ

አቶ አራጌ ክንፈ ቅዳሜ ኅዳር 12 ቀን 1918 ዓ.ም. የሚካኤል ቅዳሴ አብቅቶ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ክንፈ ወልዴ፣ እናታቸው ወይዘሮ አልታዬ እንግዳ ይባላሉ። የተወለዱባት ዝግባ አፋፍ ከመካነ ሰላም የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ከጫካው ግርጌ ትገኛለች። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው እንደሰማሁት፣ ሰዓቱን እናታችን ዕድሜ ልካቸውን ያስታውሱት ነበር፤ ሚካኤልን ሳይሳለሙ የቀሩት በዚያ ቀን ብቻ ነበርና።

አባታቸው በአገሩ የታወቁ አዳኝ ነበሩ። አቶ አራጌ ግን ለተኩስ አልተፈጠሩም። ከደብሩ መሪጌታ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ጠመንጃ ሲይዙ ግን ዛፉን እንኳ ይስቱት ነበር። አባታቸውም፣ «የኔ ልጅ አውሬውን የሚገድለው በንባብ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1938 ዓ.ም. አባታቸው የነብር ቆዳ ይዘው ገበያ ሲወጡ ተያዙ። ለካ አዲስ የአደን ሕግ ወጥቶ ኖሯል። «ነጋሪት ሲጎሰም አልሰማን፣ ማን ነገረን?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሕጉ በጋዜጣ ታትሟል የሚል መልስ ተሰጣቸው። ጠመንጃቸው ተወረሰ። ከዚያ በኋላ አባታችን ከሰው ጋር ብዙም አልተጫወቱም፤ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። አቶ አራጌ በቀብራቸው ዕለት፣ ከእንግዲህ በዚህ አገር ሳያውቅ የሚያዝ አዳኝ አይኖርም ብለው ቃል ገቡ።

በ1944 ዓ.ም. በመካነ ሰላም በአውራጃው ጽሕፈት ቤት በተላላኪነት ተቀጠሩ። ነጋሪት ጋዜጣ በመጣ ቁጥር አንድ ደግ ጸሐፊ ያሳዩአቸው ነበር። እርሳቸውም አደን፣ ደን፣ የዱር አራዊት የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ እየመረጡ በደብተር ይገለብጡ ነበር። ሌላውን ያልፉታል፤ ወረቀትም ጊዜም አይበቃቸውም ነበር። ሥራውን ትተው ወደ እርሻቸው ከተመለሱ በኋላም በየወሩ ወደ ጸሐፊው ከመሄድ አልቦዘኑም።

በ1946 ዓ.ም. ወይዘሮ አሰጋሽ ተሰማን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያው ልጃቸው በሕፃንነቱ ሞተ። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ፈንታዬ ናት።

በገበያ ቀን ከጨው ሻጮቹ አጠገብ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይቀመጡ ነበር። ከከላላም፣ ከደጎሎም፣ ከአቀስታም አዳኞች እየመጡ፣ «ጋሼ አራጌ፣ ዘንድሮስ ምን ይላል?» ይሏቸዋል። ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል ይጠይቃቸው ነበር። ዝንጀሮ ከማሳ ማባረር ይቻላል፤ ነብር አይነካም፤ ድኩላ ካለ ፈቃድ አይገደልም ብለው ይመልሳሉ። በእነዚያ ዓመታት ከአገራችን አዳኝ አንድም ሰው ጠመንጃ አልተወረሰበትም። ይህን ሲናገሩ ብቻ ነበር ፈገግ ሲሉ የምናያቸው።

በ1965 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። ፋሲካ ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 25፣ ጎረቤታቸውና የልብ ወዳጃቸው አቶ አድማሴ ፈንታሁን ወደ ቤታቸው መጡ። አቶ አድማሴ አምስት ልጆች ነበሯቸው፤ ጎተራቸው ተጠርጎ አልቋል። አንድ አሮጌ ጠመንጃና ሁለት ጥይት ግን ነበራቸው።

«ድኩላው ከጓሮዬ ድረስ ይመጣል። ልግደለው?» አሉ።

አቶ አራጌ ደብተሩን ገልጠው አነበቡላቸው። «ካለ ፈቃድ አይቻልም» አሉ።

«ፈቃዱ የት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

«እንግዲያ ድኩላውን ደርሼ እስክመለስ እዚሁ ጠብቀኝ ልበለው?»

ሁለቱም ሳቁ። አቶ አራጌ ግን፣ «አድማሴ ወንድሜ፣ ቢይዙህ ያስሩሃል። ልጆቹን ማን ሊያበላቸው ነው? ይቅርብህ» አሉ። ከቤታቸው ከነበረው ገብስ አንድ ቁና ሰፍረው ሰጧቸው። አቶ አድማሴም ሄደው ጠመንጃቸውን ሰቀሉ። በዚያ ሰሞን ከልዩ ልዩ መንደር የመጡ ሌሎች አሥራ ሦስት አባወራዎች ይህንኑ ጠየቁ፤ ይህንኑ መልስ አገኙ። ሁሉም ቃላቸውን ሰሙ።

ሐምሌ ከመጋመሱ በፊት የአቶ አድማሴ ልጅ ሸጋዬና የስድስት ወር ሕፃን ወንድሟ ሞቱ። መቃብራቸውን ከአባታቸው ጋር የቆፈሩት አቶ አራጌ ነበሩ። ሁለቱ ወዳጆች ያን ክረምት ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ የሚበላ ያጡ ቀንም አብረው እየዋሉ አሳለፉት።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማች ተማሪዎች ወደ አገራችን መጡ። ከመካከላቸው ፈትሂያ የምትባል የሕግ ተማሪ ነበረች። የመሬቱ አዋጅ በታወጀ ሰሞን አቶ አራጌ ስለ ደን ምን እንደሚል ሊጠይቋት ደብተራቸውን ይዘው ሄዱ። ልጅቱ ደብተሩን አገላብጣ እጅግ አደነቀች። ስለ ረሃቡ ዘመን ሲነግሯት ግን ደብተሩን ከደነችው። ከዚያም ሌላ ወፍራም መጽሐፍ አወጣች።

«ጋሼ አራጌ፣ የአደኑን ብቻ ነው እንዴ የገለበጡት? የወንጀለኛ መቅጫውን አላዩትም?» አለቻቸው።

አላዩትም ነበር። ልጅቱ አነበበችላቸው። የራሱን ወይም የሌላውን ሕይወት ከደረሰበት ከባድ አደጋ ለማዳን ሌላ መንገድ አጥቶ ሕግ የተላለፈ ሰው አይቀጣም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። መጽሐፉ ከረሃቡ አሥራ ስድስት ዓመት ቀድሞ የወጣ ነው። ተማሪዋ፣ «ዳኛው በእርግጥ ይቀበለው ነበር አይባልም፤ ግን ያከራክር ነበር» አለች። አቶ አራጌ ያንን ክፍል ገልብጠው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም።

ይህን ነገር ከእርሳቸው፣ ከባለቤታቸውና ከእኔ ከታናሽ እህታቸው በቀር በመንደሩ የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ቢሉ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ወይዘሮ አሰጋሽም፣ «የሞቱት አይነሡልህም፤ በሕይወት ያለውን ወዳጅህን ለምን ትገድለዋለህ?» ብለው ለመኗቸው። እርሳቸው ግን፣ «አባቴን የገደለው ሕጉን የሚያውቅ ሰው ዝም ማለቱ ነው» አሉ።

በአራተኛው ቀን ወደ አቶ አድማሴ ቤት ሄደው አነበቡላቸው። አቶ አድማሴ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያም፣ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሂድና ለሸጋዬ አንብብላት» አሏቸው። በሩ ተዘጋ፤ እስከ ዛሬም አልተከፈተም።

አቶ አራጌ ቀሪዎቹን አሥራ ሦስት አባወራዎች እየዞሩ ፈለጉ። አንዳንዱ ይቅር አላቸው፤ አንዱ ውሻ ለቀቀባቸው፤ አብዛኞቹ ግን ምን ሊሉ እንደመጡ እንኳ አልገባቸውም። ነገሩ ግን ወሬ ሆኖ ተዛመተ። በገበያ ከጨው ሻጮቹ አጠገብ ሲቀመጡ የሚጠጋቸው ሰው ጠፋ። በጽዋ ማኅበራቸውም አቶ አድማሴ በሚገኙበት ቀን ራሳቸው መቅረት ጀመሩ፤ በኋላም ጭራሽ ተዉት። እህሉ ሲደርስ ብቻቸውን ያጭዱ ነበር። ደቦ ሊጠሩ አፈሩ፤ ሳይጠራ የመጣም አልነበረም።

በ1968 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስለ ደን ጥበቃ የመጣ መመሪያ እንዲያነቡ በስብሰባ ላይ አስነሷቸው። አቶ አራጌ ወረቀቱን ተቀብለው፣ «ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ሕግ ካለ አምጡልኝ፤ አለዚያ አላነብም» አሉ። ሊቀመንበሩም፣ «አንቱ ሽማግሌ፣ አንዲት ወረቀት ለማንበብ ስንት መጽሐፍ ይፈልጋሉ?» ሲሉ ሸንጎው በሳቅ አወካ። መመሪያውን ሌላ ሰው አነበበው። ከዚያ ወዲህ እንዲያነቡ የጠየቃቸው የለም። እርሳቸው ግን አዲስ አዋጅ ወጣ በተባለ ቁጥር መካነ ሰላም ድረስ በእግራቸው እየሄዱ መገልበጣቸውን አላቆሙም። አሁን ግን የሚገለብጡት ሁሉንም ነበር፤ አደን የሚል ቃል ይኑርበት አይኑርበት አይመርጡም። በዚህም ዓይናቸው ደከመ።

ከአሥራ አራቱ አባወራዎች አሥራ ሦስቱን አግኝተዋል። የመጨረሻው ሰው ወደ አቀስታ መሰደዳቸውን ሰምተው በዚህ ዓመት በጥር ወር ብቻቸውን ወጡ። ቤተሰቡ ቢከለክላቸውም አልሰሙም። አቀስታ ሲደርሱ ሰውዬው ሞተው ኖሯል፤ ልጆቻቸውም ተበትነዋል። አቶ አራጌ በዚያ ውርጭ ሁለት ቀን በመንገድ አድረው ተመለሱ። ከቤት ሲገቡ ደረታቸውን ይዘው ነበር። ጤና ጣቢያ ተወስደው መርፌ ቢወጉም አልተሻላቸውም። በሕመማቸው ወቅት ስለ ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ አሥራ አራተኛውን ሰው ብቻ ደጋግመው ይጠሩ ነበር።

አቶ አራጌ ክንፈ ሰኞ የካቲት 6 ቀን 1970 ዓ.ም. ማለዳ ላይ በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ማክሰኞ የካቲት 7 ቀን በተወለዱበት በዝግባ አፋፍ ሚካኤል የቀብር ሥርዓታቸው ይፈጸማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰጋሽ ተሰማ፣ ልጃቸው ወይዘሮ ፈንታዬ አራጌ፣ አንዲት የልጅ ልጅና ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ቦጋለች ክንፈ በሕይወት አለን። ለአቶ አድማሴ ፈንታሁን መርዶው ትናንት ተነግሯቸዋል።

ያወቀውንም ያላወቀውንም የሚመረምር አምላክ በምሕረቱ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። በዚያ ክፉ ዘመን ላለቁትም ሁሉ ዕረፍት ይስጥልን። እኛንም ያጽናን።

ትናንት ቀትር ላይ፣ አስከሬናቸው ገና ከቤት ሳለ፣ ሁለት ሰዎች ከደጎሎ መጡ። ጫካው ዳር ድኩላ መግደል ይፈቀድ እንደሆነ ሊጠይቋቸው ነበር የመጡት። ማረፋቸውን ነገርናቸው። ለጥያቄያቸው መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም፤ ነፍስ ይማር ብለው በመጡበት መንገድ ተመለሱ።