የአርማታው ጎሽና የጽሕፈት ቤትዎ ማስረጃ

ለክቡር ኤቫሪስቶ ሉምባንግ
የሳንታ ሮሜና ከተማ የቅርስና የውበት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም መናፈሻችን ሣር ላይ ዘወትር የሚቆመው ነጭ መኪናዎ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ነዋሪዎች በእርስዎ ትጋት የጥላ ዛፎቻችን ስለተቆረጡልን፣ ፀሐይ ሳይጎድልብን ደህና ነን።

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። አርባ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ጡረተኛ ብሆንም፣ ታሪክ እንዴት እንደሚጠበቅ የተማርኩት ገና ባለፈው ወር ከጽሕፈት ቤትዎ ነው።

አንደኛ፣ «የመናፈሻው ታሪክ ሙዚየም» ሊሠሩልን በመወሰንዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሙዚየሙ የሚያርፈው መናፈሻው ላይ ስለሆነ መናፈሻው መፍረስ እንዳለበት፣ ከፈረሰ በኋላም ፎቶግራፉ በመስታወት ውስጥ እንደሚቀመጥልን ከማስታወቂያ ሰሌዳው አንብበናል። ሰውን ለማስታወስ ሲባል በቁሙ መቅበር ለእኛ አዲስ አሠራር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጎሹ። እርስዎ ከዋና ከተማ የመጡ እንግዳ ስለሆኑ ባያውቁ አይፈረድብዎትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማችን የድንጋይ ክምር ሆና ሳለች፣ ግንበኛው ፕሩደንሲዮ ዳልማስዮ በየደጁ እየዞረ ፍርስራሽ ለመነ። አንዱ የወጥ ቤቱን ግድግዳ፣ ሌላው የደረጃውን ስባሪ ሰጠው፤ እናቴም ታላቅ ወንድሜ በቦንብ የሞተበትን ክፍል ጡብ ሰጠችው። ያን ሁሉ በአሮጌ የባቡር ሐዲድ አስሮ፣ በሃምሳዎቹ አጋማሽ ልጆች ጀርባው ላይ ወጥተው በጅራቱ በኩል የሚንሸራተቱበትን ትልቅ የአርማታ ጎሽ ሠራልን። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የአምስት ዓመት ልጁ ሌዎኒላ ስለረገጠችው፣ የእግሯ አሻራ እስከ ዛሬ በጎሹ የፊት እግር ሥር አለ።

ወይዘሮ ሌዎኒላ አሁን ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኞችዎ ሊያፈርሱ ሲመጡ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው የጎሹ ጀርባ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«ሎላ፣ ይውረዱልን እንጂ፤ እኛ የታዘዝነውን ነው የምንሠራው» አላቸው ፎርማኑ ሩፎ፣ አያቱን እንደሚጠራ።

«አንተስ የፊት ጥርስህ የወለቀው እዚሁ አይደል እንዴ?» አሉት። ሠራተኞቹ ሳቁ፤ ሩፎም ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

በዚህ መሐል እርስዎ ደረሱና ጎሹ ታሪካዊ ለመሆኑ ማስረጃ ጠየቁ። ወይዘሮ ሌዎኒላ ወርደው አሻራውን አሳዩዎት። እርስዎም ፍትሐዊ ሰው ስለሆኑ ጫማቸውን አስወልቀው እግራቸውን ከአሻራው ጋር አስለኩና፣ መዝገብዎ ላይ «አይመሳሰልም» ብለው ጻፉ።

«ልጄ፣ እኔ አድጌያለሁ፤ ያላደገው ሲሚንቶው ነው» አሉዎት።

ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። የጫማቸውን ማሰሪያ መቋጠር አቅቷቸው እኔ ቋጠርኩላቸው። ይህን የምጠቅሰው መዝገብዎ ላይ ስላልሰፈረ ነው።

ሦስተኛ፣ ይፍረስ ብለው ስላዘዙ አመሰግናለሁ፤ ባያዙ ኖሮ የጎሹን ጥንካሬ ማን ያውቅ ነበር? የመጀመሪያው መሰርሰሪያ ከሐዲዱ ብረት ጋር ተገናኝቶ ተሰበረ። ሁለተኛውም ተከተለው። ሦስተኛው ሲሰበር ሩፎ መሣሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጌታዬ፣ ይህን የሠራው ሰው እንዲፈርስ ብሎ አልሠራውም። እኔም ከእንግዲህ አልነካውም» አለዎት፤ ሰዎቹንም ይዞ ከጎሹ ጥላ ሥር ሩዝና ደረቅ ዓሣውን ሊበላ ተቀመጠ። ወይዘሮ ሌዎኒላም አብረዋቸው በሉ።

በሳምንቱ የጎሹ ግንባር ላይ የናስ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ «ይህ ቅርስ በክቡር ኤቫሪስቶ ሉምባንግ ያልተቋረጠ ጥረት ከመፍረስ ድኗል» ይላል። ውብ አባባል ነው። ሊያፈርሰው የነበረው ማን እንደሆነ አለመገለጹ ብቻ ትንሽ ቅር አሰኝቶናል።

ወይዘሮ ሌዎኒላ የአባታቸው ስም ከሥር በትንሽ ፊደል እንዲጨመር ጠይቀው «ቦታ የለም» ተብለዋል። ቦታ ተገኝቷል። ባለፈው እሑድ ሩፎ በራሱ ሲሚንቶ የመሰርሰሪያውን ጉድጓዶች ሲደፍን፣ ወይዘሮዋ በጣታቸው ሙሉውን ስም ጻፉበት። ጽሕፈት ቤትዎ ሊቃወም ቢያስብ፣ አሁን ደርቋል።

በእርስዎ ጥበቃ ሥር ሆኖ እስካሁን ያልፈረሰ፣
አክባሪዎ ፊሎሜኖ አባርኬዝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለጎሹ ምርቃት የላኩልን ግብዣ ደርሶናል፤ ከልጅ እስከ አዋቂ እንመጣለን። በከተማችን ወግ ሸርተቴ ሲመረቅ መጀመሪያ የሚንሸራተተው «የእኔ ሥራ ነው» ያለው ሰው ነው። የሚሳሱለትን ሱሪ ባይለብሱ መልካም ነው።