የሲስተር ሩቂያ ሙጀሂድ ኅልፈትና የአልጋ ዳር ርክክባቸው

በመካነ ሰላም የራህመት አረጋውያን መጦሪያ ማዕከል ዋና ነርስ የነበሩት ሲስተር ሩቂያ ሙጀሂድ ባደረባቸው ሕመም መጋቢት 4 ቀን 2008 ዓ.ም. በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሐዘናችን ለወጉ ያህል አይደለም፤ ቤታችን ጎድሏል።

ሲስተር ሩቂያ ወደ ማዕከላችን የመጡት በ1990 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከአልጋ መነሣት የማይችሉ አረጋውያን በአንድ ጎን ብዙ ከመተኛት የሚይዛቸው የመኝታ ቁስል ከእርጅና ጋር አብሮ የሚመጣ ተደርጎ ይታይ ነበር። እርሳቸው ይህን አልተቀበሉም። አስታማሚዎች በየሁለት ሰዓቱ እንዲያገላብጡ፣ ተረኛ ሲቀያየርም ገቢውና ወጪው አልጋው አጠገብ ቆመው የታማሚውን ጀርባና ተረከዝ አብረው አይተው እንዲረካከቡ አደረጉ።

በ2001 ዓ.ም. የሞባይል ኔትወርክ ወደ ከተማችን ሲመጣ በጣም ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ እርሳቸው ነበሩ። አስታማሚው አገላብጦ ሲጨርስ ሚስኮል ያደርግላቸዋል፤ እርሳቸውም ቢሯቸው ሆነው መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ሥራው ቀለለ። አልጋው አጠገብ አብሮ አይቶ መረካከቡ መቅረቱን ግን ልብ ያለ አልነበረም።

በ2003 ዓ.ም. የደረሰውን መደበቅ እርሳቸውን አለማክበር ነው። በመኝታ ክፍሎቹ በኩል ኔትወርክ የሚገኘው ግቢው በር ላይ ብቻ ስለነበር አስታማሚዎቻችን ሚስኮሉን አስቀድመው ማገላበጡን ከበር ሲመለሱ ማድረግ ለምደው ነበር። አንድ ቀን አስታማሚው አቶ ፈንታው በር ላይ እህል ሲያራግፉ ዋሉ፤ ሰዓቱ በደረሰ ቁጥርም አሁን እገባለሁ እያሉ ሚስኮል አደረጉ። አቶ ንጉሡ የተባሉ አባታችን ከጠዋት እስከ ማታ በጀርባቸው እንደተኙ ዋሉ። መዝገቡ ላይ አምስት ምልክት ነበር፤ ወገባቸው ላይ ደግሞ ቁስል። ለመዳን አራት ወር ፈጀባቸው።

በሠራተኞች ስብሰባ አቶ ፈንታው ይሰናበቱ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ሲስተር ሩቂያ የተናገሩት በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል፦ "ፈንታውን ተዉት። እሱስ ደወለ፤ ሳላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።" ከዚያ ወዲህ ስልኩ የሰዓት ማስታወሻ ብቻ ሆነ፤ ርክክቡም ወደ አልጋው ተመለሰ።

ባለፈው ዓመት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው እዚሁ ማዕከላችን ውስጥ አልጋ ያዙ። ሰባት ወር ሙሉ ወይዘሮ ብርሀንነሽና ወይዘሮ ቦጋለች እየተፈራረቁ አገላበጧቸው። አቶ ፈንታው ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከደጅ ሆነው ሴቶቹን ይጠሩ ነበር።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሳቢር፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ላሳደጓቸው ነርሶች ሁሉ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ እንላለን። ልጃቸው መምህርት ባሲማ ራቅ ባለችው ማሻ ከተማ በማስተማር ላይ ስለነበሩ አጠገባቸው ሆነው ሊያስታምሟቸው አልቻሉም። በደወሉ ቁጥር የሚጠይቁን አንድ ነገር ነበር፤ "እናቴን ቁስል ይዟታል?" አልያዛቸውም እንላቸዋለን። በስልክ የተባለውን ሁሉ እንዳያምኑ ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸውና ልባቸው እንዳልረጋ እናውቃለን።

መምህርት ባሲማ፣ ገላቸውን ያጠቡት ሴቶች ከትከሻቸው እስከ ተረከዛቸው አንድም ቁስል አላገኙም። አይተው ነው የነገሩን።