ለአንድ ሰው የተመረጠ ኮንቨርተር

ለውድ እህቴ ሃኒ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እታለም? ጤናሽስ? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይ? እመቤትሽስ እንቅልፍ ታስተኛሻለች? ቤይሩት ብርዱ ገብቷል ሲሉ ሰምቼ፣ ካፖርት ይኖራት ይሆን እያልኩ እብሰለሰላለሁ። እኛ አለን፤ መኖር ከተባለ። በስልክ ስትጠይቂኝ ሁሉም ሰላም ነው የምልሽ እማዬ አጠገቤ ቆማ እየቆነጠጠችኝ ነው። ለዕረፍት መጥታ የነበረችው ፈውዚያ ወደዚያ ወደ ቤይሩት ልትመለስ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ በእጇ ልኬልሻለሁ።

አባባ ግራ እግራቸው በስኳሩ ከተቆረጠ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውሉ እንደነበር ታውቂያለሽ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አይሱዙ ሲነዱ የኖሩ ሰው እኮ ናቸው! አሮጌዋ ስታርሌት ደግሞ ፍሪሲዮን የሚረግጥላት ግራ እግር ጠፍቶ ግቢ ቆማ ቀረች። እኔና የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ጉተማ ከአንዲት የተገለበጠች መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ፈትተን ገጠምንላት፤ በቀኝ እግር ብቻ የምትነዳ ሆነች። ደስ ብሎሽ በስልክ ያለቀስሽው ያን ጊዜ ነው። የነገርኩሽም እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።

ጣጣው ያለው ኮንቨርተሩ ላይ ነበር። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኝ፣ ድስት የሚመስል ዕቃ ነው። ሁለት አገኘን። አንደኛው ሞተሩ ሁለት ሺህ ዙር ሳይሞላ መኪናውን ይይዛል፤ ሌላው ሞተሩን እስከ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ይለቀውና፣ ጉልበት ሲያገኝ ነው የሚይዘው። ጋሽ ጉተማ ያ ማስሬ፣ ይቺ እኮ ላባ ናት፣ የሚቀመጥባትም አንድ ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ ቶሎ የሚይዘው ይበቃታል፣ ነዳጅም አይበላም አሉኝ። እኔም እውነት ነው ብዬ ቶሎ የሚይዘውን ገጠምኩት። ባዶዋን ብንሞክራት ምን አለፋሽ፣ ተንሸራትታ ሄደች።

ሃኒዬ፣ አባባ መቼ ብቻቸውን ነድተው ያውቃሉ? መንገድ ዳር የቆመን ሰው አልፎ መሄድ ለእርሳቸው ነውር ነው። ይህን እኔ ልጃቸው እንዴት እረሳለሁ! ከደራ ገበያ ሲመለሱ አዴ ዲንቄ የሚባሉ ነጋዴ ከነሽንኩርት ጆንያቸው፣ ሌሎች ሁለት ሴቶችንም ከነዶሯቸው ጫኑ። አዋሽን ተሻግረው ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ዙር ሳያገኝ ታፈነ፤ መኪናዋ አልጎትት አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ውረዱልኝ ይላል። አባባ ግን የጫንኩትን ሰው መንገድ ላይ አልጥልም ብለው ነዳጅ መስጫውን ረግጠው ያዙ። ዘይቱ ፈላ፣ ካምቢዮው ነደደ፣ እግራቸውን ያስደገፉበት ብረት ጋለ። ቀኝ እግራቸውም በስኳሩ ደንዝዟልና ምንም አልተሰማቸውም። ምን ይሸታል ብለው የጮኹት አዴ ዲንቄ ናቸው። የጫማቸው ሶል ቀልጦ እግራቸውን አቃጥሎት ነበር።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይኸው ነው። ቁስሉ ጠቆረ። ሐኪሞቹ ትናንት እኔንና እማዬን ጠርተው፣ ማክሰኞ ቀኝ እግራቸውም እንደሚቆረጥ ነገሩን። ለአባባ እኔ እንድነግራቸው ነው የተባለው፤ አልጋቸው ድረስ ሄጄ ሳልነግራቸው ተመለስኩ። ጋሽ ጉተማ ደግሞ ዛሬ ያን ሁለተኛውን ኮንቨርተር ጠርገው አመጡልኝ። እንደማይረባን ያውቃሉ፤ ባዶ እጃቸውን መምጣት ከብዷቸው ነው። ለየትኛው እግር ልግጠመው? አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ተስፋ አለ ወይ ብትይኝ የለም እቴ፤ አንቺን አልዋሽም።

ለገና ስትመጪ ቦሌ በር ላይ ስታርሌቷን እንዳትፈልጊ።

እማዬ አገላብጣ ትስምሻለች፤ ሾርባ ይዛ ሆስፒታል እየተመላለሰች እንቅልፍ የላትም። አዴ ዲንቄ ሳያውቁሽ በኦሮምኛ ይመርቁሻል፤ በኔ ጆንያ ነው እያሉ ያለቅሳሉ። ጋሽ ጉተማም ሰላም ብለውሻል። አባባ ደግሞ፣ መኪናዋ ከጋራዥ እስክትወጣ ነው እንጂ እኔው ራሴ ነድቼ እቀበላታለሁ፤ ብቻ ሻንጣ እንዳታበዛ፣ መንገድ ላይ ሰው እንጭናለን በላት ብለውኛል።

ወንድምሽ ማስረሻ ሰብስቤ
አዳማ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.