ዱቄት ወደ እህል አይመለስም

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ሳሉ ለቀቀዎት ወይስ ዛሬም አፍዎን ሳይሸፍኑ ወፍጮው ሥር ይቆማሉ? የእማዬ ጉልበትስ? ስለ እኔ አያስቡ፤ ሰውነቴ ደህና ነው፤ የታመመው አንጀቴ ነው።

በስልክ “ምን አጥፍተሽ ነው ከሥራ ያገዱሽ?” ሲሉኝ ስልኩን ዘጋሁብዎት። አሁን ይስሙኝ።

እኛ መሥሪያ ቤት የደንበኛ የይለፍ ቃል እንዳለ ነው የሚቀመጠው። ደንበኛው ሲረሳ የስልክ ክፍሏ ልጅ ከኮምፒውተሯ ላይ ታነብለታለች፤ አለቃችን ይህን “መስተንግዶ” ይለዋል። መሆን የነበረበት እንደ እርስዎ ወፍጮ ነው። ቃሉ ይፈጫል፤ የሚቀመጠው ዱቄቱ ብቻ ነው። ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ የያዘው ቃል እንደገና ይፈጭና ከተቀመጠው ጋር ይተያያል፤ ከገጠመ ይገባል። ሌባ ዱቄቱን ቢወስድ እየገመተ ሲፈጭ ይከርማል እንጂ ወደ እህል አይመልሰውም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡ እንኳ ዱቄታቸው እንዳይመሳሰል ከመፈጨቱ በፊት ለእያንዳንዱ የተለየ ቁንጣሪ ይጨመርበታል፤ በሙያችን “ጨው” እንለዋለን።

ይህን ለአለቃው ስንቴ ነገርኩት! የነገሩትን ሁሉ “አውቃለሁ” ስለሚል እኛም “አቶ አውቃለሁ” ነው የምንለው። በስብሰባ መሃል “ጎበዝ ከሆንሽ እስቲ የእኔን ንገሪኝ” ብሎ አፌዘብኝ። ከልጅቷ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አነበብኩለት፦ “ሊቁ1234”። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ “ሰብራ የገባች ሌባ” ተብዬ ታገድኩ። ባልተዘጋ በር ምን ይሰበራል? አብረውኝ የሳቁት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

ትናንት ጸሐፊዋን ላከብኝ። በዚያው ስብሰባ ፊት “ሰርቄ ነው” ካልኩ ይቅር ይለኛል፤ ሥራዬም ይመለሳል። እርስዎም በዚያው ስልክ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ይቅርታ ጠይቂና ቦታሽን ያዢ” ብለውኛል። አባዬ፣ ከእሱ ስድብ ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው። ደንበኛ “እህሌ ጎደለ” ሲል ዱቄቱን በሰው ፊት ደግመው ይመዝኑ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? እኔንስ ያሳደጉኝ በዚያው ሚዛን አይደለም?

“ሰርቄ ነው” አልልም። ለጸሐፊዋ “ቃሌ ተፈጭቷል” ብያት በሩን ዘጋሁ። እሱ እንደ ልማዱ “አውቃለሁ” ይላል፤ የተፈጨ እንደማይመለስ የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። አያቴን “ምርቃትሽ አልቆብኛል፣ ጨምሪልኝ” ይበሏት። ታላቅ እህቴን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። ታናሼም የልደት ቀኑን የይለፍ ቃል ማድረጉን ይተው።

አንገቷን ያልደፋች ልጅዎ

ከተከራየኋት ጠባብ ክፍል፣ ሚያዝያ 3 ቀን