«ያለፈውን ቅጂ ተከተዪ»

ሰኞ፣ ኅዳር 4፣ ጧት
የጽሕፈት መኪናዬ ሪባን ደርቋል። ሦስት ደብዳቤ ተይቤ ጣቴ ቀለም በቀለም። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ተናድጃለሁ፤ ታገሺኝ።

እህቴ ፀሐይ ታስራለች። ትናንት ከስድስት የቀሐ ሰፈር ሴቶች ጋር የኅብረት ሱቁ ደጃፍ ባዶ ጣሳ እየመቱ ጨው ጠየቁ። ጠጠር እንኳ አልወረወሩም። የቀበሌያችን ሊ/መንበር ግን በስብሰባ «የአድኃሪያን ሁከት» አለው። ባለፈው ሳምንት የወጣት ማኅበሩ ልጆች የጨርቅ ነጋዴውን መስኮት ሲያረግፉስ? «የሰፊው ሕዝብ አብዮታዊ ቁጣ»! የተየብኩት እኔው ነኝ። ከልጆቹ ሁለቱ የሊ/መንበሩ የወንድም ልጆች ናቸው።

ያው ዕለት፣ 9 ሰዓት
ሪፖርቱ ሁከት ተብሎ አውራጃ ከደረሰ ፀሐይን ወህኒ ያወርዷታል። ሊ/መንበሩ የሴቶቹን ስምና ያደረጉትን በብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። የቀረውን ያለፈውን ቅጂ ተከትለሽ ተይቢ ብሎ ወጣ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው።

ያለፈው ሳምንቱን የልጆቹን ቅጂ ተከተልኩ። ቃል በቃል! ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5
ፈረመ። የሚያየው ማኅተሙ ቀጥ ማለቱን ብቻ ነው። ተላከ። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 8
ተፈቱ! ተፈቱ! አውራጃው፣ አብዮታዊ ቁጣቸውን የገለጹ እናቶች ስለ ምን ታሰሩ፣ ጨውስ የት ገባ ብሎ ጻፈ። ፀሐይ ቤት ናት፤ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ እንደገና ትበላለች። ዘበኛው አያ ታከለ በጆሮዬ፣ «ሸጋ አርገሻል ልጄ» አለኝ።

ሊ/መንበሩ ጠራኝ። ፊቱ ጠቁሯል። ማን ቁጣ በዪ አለሽ ይላል። ያለፈውን ቅጂ ተከተዪ ብለውኝ ነው አልኩ። ማረሚያ እንዲጻፍ አዘዘ። ወረቀት አስገባሁ።

«የትኛውን ልረም ጓድ ሊቀ መንበር? የሴቶቹን ብቻ ወይስ የልጆቹንም?»

ወረቀቱን ራሱ ከመኪናው መዞ አወጣው። ሳቄን ይዤ እስከ ቤቴ ሮጥኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14
ልጆቹ ደግሞ የአንድ ሻይ ቤት በር ገነጠሉ። ሊ/መንበሩ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥቶ ይቁለጨለጫል። ምን እንበለው ይለኛል። እኔን!

«በር ገነጠሉ እንበል።»

ተገላመጠ። አሰበ። «እንዲያው ጻፊው» አለ።

ጻፍኩት። ከእንግዲህ በዚህች መኪና ቁጣም ሁከትም አልተይብም፤ ማን ምን እንዳደረገ ብቻ።