ኩሽኔታው የጮኸ ዕለት

ልጄ፣ የእኔ ጌታ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? ብርዱስ ለቀቅ አደረገህ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን፤ እሱም ቢሆን እኔን ማኩረፍ ልማዱ ነው።

ከሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ፤ ኮምባይነሩ ስንዴው መሃል ቀጥ አለ። እርሻው ገና እኩሌታው አልታጨደም፣ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ከማለዳ ጀምሮ አንዱ ኩሽኔታ ይጮህ ነበር። እኔ ማድ ቤት ሆኜ እሰማዋለሁ። ጆንያ የሚያስረው ጎረቤታችን ይሰማል፣ ሚስቱም ትሰማለች። አባትህ ከላይ ተቀምጦ ይነዳል። አባትህን ታውቀው የለ፣ ሞተር በጆሮው የሚያክም ሰው ነው። ለእሱ «ማሽኑ ይጮሃል» ማለት ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች መሆኑ ነው። ሰምቶታል፣ ያውቅበታል ብለን ሁላችንም ዝም አልን። እስኪጨስ ድረስ አከበርነው!

መካኒኩ መጥቶ ፈታታውና፣ «ይሄ እኮ አገር ምድሩን ነው የሚያደነቁረው! ማን ነበር የሚነዳው?» ብሎ ጠየቀ። አባትህ አፍ አፉን ሲያይ ቆይቶ፣ «አዎ፣ አሮጌ ነው» አለው። ጎረቤታችን ሊስቅ ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው። እኔም ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።

መለዋወጫው እስኪመጣ ዝናቡ አይጠብቀንምና ማጭድ አወጣን። ሰፈርተኛው ተጠራርቶ ደረሰልን። አባትህ ከፊት ሆኖ ሲያጭድ ወጣቶቹ ሊደርሱበት አልቻሉም፤ እልህ እንደያዘው ገብቶኛል። ከታችኛው ጥግ ያለችውን ቁራጭ ዝናብ በላት እንጂ ሌላው ገብቷል። ለዓመት ይበቃናልና አትጨነቅ።

በማግስቱ የኮምባይነሩን ቁልፍ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «ለልጁ እንዳትነግሪው» አለኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅኩትም። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ቃሌን ግን ጠብቄያለሁ፤ ይኸው ስለ ኩሽኔታ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አንዲት ቃል አልጻፍኩልህም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ስትደውል «እናትህ ትንገርህ» ብሎ ስልኩን ወዲያው ለእኔ የሚያቀብለኝ፣ ጥለኸን ሄድክ ብሎ ተቀይሞህ እንዳይመስልህ። እንደዚያ እያሰብክ ሆድህ ሲብስ እንደከረመ አውቃለሁ፤ እኔም ተቀይሞ መስሎኝ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ። አሁን መደወሉን ተወውና ጻፍለት። ዓይኑስ ደህና ነው።

እጅህ የነካው ይባረክ፣ በሄድክበት ሁሉ ሰው አያሳጣህ።

እናትህ